ነገሩን ትተው ሰውየውን ሲይዙ፦ ለጽዋ፣ ለሰበካና ለቡና ላይ ክርክር የሚሆን መመሪያ

ይህን ለመጻፍ ያለኝ ብቃት አንድ ብቻ ነው፤ ጥፋቱን ራሴ ሠርቼዋለሁ።

ደሴ ላይ በወር በ27 የመድኃኔዓለም ጽዋ አለን። 24 ማኅበርተኞች ስለሆንን የድግሱ ተራ ለአንዱ ሰው በ2 ዓመት አንዴ ይደርሰዋል። አንድ ሃያ ሰባት፣ ጸሎቱ ደርሶ፣ ጽዋው ዞሮ፣ ሰው በልቶ ጠጥቶ ሲጫወት፣ አንድ ወጣት ማኅበርተኛ ተነሣ። «ድግሱ እየከበደ ነው። ተረኛው ተበድሮ ነው የሚደግሰው። ዳቦና ጠላ ይብቃንና የሚተርፈውን ለተቸገረ እንስጥ» አለ። ሙሴው፣ የማኅበራችን መሪ ማለቴ ነው፣ ገና አፉን ሳይከፍት እኔ ቀደምኩ።

«አንተ መጀመሪያ የእናትህን ቤት ጽዋ አስቀምስ!»

እናቱ ሙስሊም ናት። ወሎ ላይ ይህ ለማንም ወሬ አይሆንም፤ አንዱ ቤት ፋሲካም ኢድም የሚውልበት ስንት ቤተሰብ አለ። ጠላ ይቀዳ የነበረው ልጅ ጆጉን እንዳዘነበለ ደርቆ ቀረ፤ ጠላው ከብርጭቆው ሞልቶ ቄጠማው ላይ ፈሰሰ። ወጣቱ ነጠላውን አስተካክሎ ተቀመጠ። አንድ ቃል አልመለሰም።

ማታ ወደ ቤቴ ስሄድ ነው የገባኝ። ልጁ ስለ ብድር ጠየቀ፤ እኔ ስለ እናቱ መለስኩ። ይባስ ብሎ የብድሩ ነገር እውነት መሆኑን አውቅ ነበር። እንዲያውም ለዚያ ነው የተሳደብኩት፤ መልስ ቢኖረኝ ኖሮ መልሱን እናገር ነበር።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት አካሄድ ይኸው።

1. «አንቱ» ወደ «አንተ» ስትወርድ ስሙ

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የተሰጠን በረከት አለው። ሰው ከነገሩ ወጥቶ ወደ ሰውየው ሲሻገር ብዙ ጊዜ ከስድቡ በፊት አጠራሩ ይለወጣል። እስከ አሁን «አንቱ» ሲባሉ የነበሩት ሰው ድንገት «አንተ» ይሆናሉ። ተቃራኒውም አለ፤ ታናሹን «አንቱ ትልቅ ሰው፣ እስቲ ያስተምሩን!» የሚል። ሁለተኛው የባሰ ይመስለኛል፤ ማክበሪያውን ቃል ራሱን መሳደቢያ ያደርገዋል።

ጌታ በማቴዎስ 5፥22 ወንድሙን «ጨርቃም» የሚል የሸንጎ ፍርድ ይገባዋል ይላል። ከአማርኛው በስተጀርባ ያለው ቃል «ራቃ» ነው፤ ባዶ፣ ራሰ ባዶ እንደማለት። ዮሐንስ አፈወርቅ ይህን ሲተረጉም በሶርያውያን ቋንቋ «ራቃ» ማለት በ«አንተ» ምትክ የሚገባ የንቀት አጠራር ነው ይላል፤ የቤት ጌታ አገልጋዩን «አንተ፣ ና ወዲህ» እንደሚለው። በ4ኛው መቶ ዓመት የኖረ ሰው የእኛን ሰበካ ጉባኤ ያየ ይመስላል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። በምትጨቃጨቁበት ሰዓት የራሳችሁን አጠራር አድምጡ። ከወረደ ዝም በሉ፤ ቀጥሎ የሚወጣው ቃል ጥሩ አይሆንም።

2. በልባችሁ ሁለት መስመር ጻፉ

ላይኛው፦ የተባለው ነገር ምንድን ነው? ታችኛው፦ ያለው ሰው ማን ነው? ከዚያ ታችኛውን ሰርዙና ላይኛው ይለወጥ እንደሆነ እዩ። የእኔን ብጽፈው ኖሮ ላይ «ድግሱ ተረኛውን ዕዳ ውስጥ ከተተው»፣ ታች «የሙስሊም ልጅ» ይል ነበር። ታችኛው ቢሰረዝ የቅቤው ዋጋ ይቀንሳል?

የዮሐንስ ወንጌል ለዚህ ሞልቶ የተረፈ ምሳሌ አለው። ምዕራፍ 9 ላይ ዕውር ሆኖ የተወለደው ሰው ለፈሪሳውያን የቀና ክርክር ያቀርባል፦ ይህ ሰው ከእግዚአብሔር ባይሆን ምንም ሊያደርግ ባልቻለ ነበር። መልሱ «አንተ ሁለንተናህ በኃጢአት ተወለድህ፥ አንተም እኛን ታስተምረናለህን?» ሆነ፤ አውጥተውም ጣሉት። ምዕራፍ 7 ላይ ኒቆዲሞስ ሕጋችን ሰውን ሳይሰማ ይፈርዳል ወይ ብሎ የሕግ ጥያቄ ሲያነሣ «አንተም ደግሞ ከገሊላ ነህን?» አሉት። ለአገሩ ነው የመለሱት፤ ጥያቄው እዚያው እንደቆመ ቀረ። ምዕራፍ 1 ላይ ናትናኤል «ከናዝሬት መልካም ነገር ሊወጣ ይችላልን?» ሲል ፊልጶስ ስለ ናዝሬት አልተከራከረም፤ «መጥተህ እይ» ነው ያለው። ይቺን ቃል ያዟት፣ ኋላ ትጠቅማለች።

ሌላው መንገድ ሐሳብን መጠርጠር ነው። ዳዊት ስለ ጎልያድ ሲጠይቅ ታላቅ ወንድሙ ኤልያብ በጎቹን ለማን ተውካቸው፣ ኩራትህን አውቀዋለሁ አለው (1 ሳሙ. 17፥28)። በእኛ ቋንቋ «ይሄ ልጅ ለመታየት ነው» መሆኑ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ስም መለጠፍ ነው፤ ከሞትን በኋላም ይቀራልና። ቦሩ ሜዳ ከደሴ ወጣ ስትሉ ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት፣ ሊቃውንቱን ሰብስበው ስለ ክርስቶስ ልደት ያከራከሩት እዚያ ነው። ሁለት ልደት (ከአብና ከድንግል ማርያም) ብቻ የሚሉትን ባላጋራዎቻቸው «ካራ» ይሏቸው ነበር፤ ሦስተኛውን ልደት ቆርጠው ጣሉ ለማለት። አጭር ነው፣ አፍ ላይ ይጥማል፣ ሰዎቹ ምን እንደሚያምኑና ለምን እንደሚያምኑ ግን አይናገርም። ክርክሩ በቃል ተጀምሮ በአዋጅ ተዘጋ፤ ሦስት ልደት ተወገዘ፤ የወሎ ሙስሊም መኳንንትም እንዲጠመቁ ታዘዙ። ከተጠመቁት አንዱ ኢማም መሐመድ አሊ ነበሩ። ሚካኤል ተባሉ፣ ኋላም ንጉሥ ሆኑ። ደሴን መናገሻቸው ያደረጉ፣ የግብር አዳራሹን ያሠሩ እሳቸው ናቸው። የአዳራሹ ስም ደግሞ አይጠየፍ ነው። እኔ አፌን የከፈትኩት በልጁ እናት ላይ ብቻ እንዳልነበረ ያን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ቆጠርኩት።

3. በረካ እስኪደርስ ጠብቁ

ነገር የሚነሣው አቦል ላይ ነው። አትመልሱ። ስኒውን ያዙ፣ ፉት በሉ፣ ቶናው ይቀዳ። በረካ ላይ ከተናገራችሁ አብዛኛው ስድብ ከአተላው ጋር ይወርዳል። ቡና ከሌለ መቁጠሪያ አለ፤ እሱም ከሌለ ውጭ ወጥቶ መመለስ አለ፤ የደሴ ብርድ ለዚህ ጥሩ ነው።

ካልበረደ ለነገ ይቆይ። አንዳንዱ «በቁጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ» (ኤፌ. 4፥26) ብሎ በዚያው ሌሊት ካልጨረስን ይላል። ፀሐይ እንዳይገባበት የተባለው ቁጣው ነው፤ ክርክሩ ቢያድር ግድ የለም።

4. የሌላውን ሐሳብ «አዎ፣ እሱን ነው ያልኩት» እስኪል ድረስ መልሳችሁ ንገሩት

«ሳይሰማ ቃልን የሚመልስ ስንፍናና እፍረት ይሆንበታል» ይላል ምሳሌ 18፥13። ይህን በተግባር ያየሁት ኮምቦልቻ፣ በማውቃቸው ሁለት ወንድማማቾች ቤት ነው። ታላቁ ኦርቶዶክስ፣ ታናሹ ፕሮቴስታንት ናቸው። እናታቸው ቤት በተገናኙ ቁጥር አንዱ «ጣዖት አምላኪ»፣ ሌላው «የፈረንጅ ሃይማኖት» ይባባሉ ነበር፤ እናታቸውም ማእዱን ሳያነሡ ያለቅሱ ነበር። አንድ ቀን አጎታቸው ሕግ አወጡ፦ የሌላውን እምነት እሱ ራሱ «አዎ» እስኪል ድረስ ያልተናገረ፣ የራሱን መናገር አይችልም።

ታላቁ ጀመረ። «አንተ የምትለው፣ በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ አንዱ ክርስቶስ ነው፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥5፤ ስለዚህ የሚያማልድህ ሌላ አትፈልግም፤ ይኸው ነው?» «አዎ።» ታናሹ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስት ጊዜ «አይደለም» ተባለ። በአራተኛው «አንተ ለእመቤታችንና ለቅዱሳን የምትሰግደው የአክብሮት ነው፤ የአምልኮ ስግደት ለእግዚአብሔር ብቻ ነው። ቅዱሳን በአጸደ ነፍስም ይጸልያሉ ትላለህ፤ ራእይ 5፥8 ላይ ሽማግሌዎቹ የቅዱሳንን ጸሎት ይዘው በበጉ ፊት ወድቀዋል» አለ። «አዎ።»

አልተስማሙም። ዛሬም አልተስማሙም። «ጣዖት አምላኪ» የሚለው ቃል ግን ከዚያ ቤት ወጣ፤ «አዎ» የተባለበትን ነገር ከሰማ በኋላ ታናሹ ያንን ስድብ ቢደግም ውሸታም እንደሚሆን ያውቀዋል። ደሴ ሲመጡም የሐረጎን ዳገት የሚወጡት አንድ የመኪና ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው።

5. ስድቡ ወደ እናንተ ሲመጣ

እዚህ ላይ ቀስ እንበል። ጌታን «ሳምራዊ ነህ፣ ጋኔንም አለብህ» ብለውት ነበር (ዮሐ. 8፥48)። ሁለት ስድብ ነው። የመለሰው ለአንዱ ብቻ ነው፦ «እኔስ ጋኔን የለብኝም፤ ነገር ግን አባቴን አከብራለሁ»። ሳምራዊ ነህ የተባለውን ጭራሽ አልነካውም። ጋኔን አለበት መባሉ ትምህርቱን የሚያፈርስ ክስ ነው፤ ሰሚው ካመነው ቃሉን አይቀበልምና መልስ ያስፈልገዋል። ሳምራዊ መባል ግን የወገን ስድብ ነው፤ «አይደለሁም» ብሎ መመለስ ሳምራዊ መሆን ነውር ነው ብሎ መስማማት ነው። በሉቃስ 10 ደግሞ የቆሰለውን ሰው ያነሣው ማን ሆኖ እንደተነገረ ታውቃላችሁ።

መለያው ይህ ነው፦ ስድቡ በተነሣው ነገር ላይ ክስ ካለበት ክሱን ብቻ መልሱ፤ ዘር፣ ሰፈር፣ መልክ፣ ኑሮ ከሆነ እለፉት።

የሊቀ ካህናቱ ሎሌ በጥፊ ሲመታው ጌታ የተናገረውን ደግሞ ቃል በቃል ብትይዙት ይሻላል፦ «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» (ዮሐ. 18፥23)። አልተሳደበም፣ አልተለማመጠምም። ወደ ነገሩ መለሰው።

ይህን በእኛ አፍ እንዴት እንደምለው ልጻፈው። የሰበካው የቆርቆሮ ሒሳብ ጎድሏል ብላችሁ ሽማግሌው «አንተ ጾም የማትጾም!» አሉ እንበል፦

«አባባ፣ በጾሜ ሰነፍ ነኝ፣ እውነትዎን ነው። ቆርቆሮው ግን እኔ ብጾምም ባልጾምም ቁጥሩ ያው ነው። እስቲ አብረን እንቁጠረው፣ መጥተው ይዩት።»

የፊልጶስ ቃል እዚህ ገባች። ልብ በሉ፣ እውነት የሆነውን አምኛለሁ፤ ያመንኩት ስድብ ጥርስ የለውም። ለእኩያ ከሆነ፦ «ወንድሜ፣ የእኔን ነገር ለብቻችን እናወራዋለን፤ አሁን ይቺን እንጨርሳት»። ለታናሽ ሲሆን «ልጄ» የምትለዋን ቃል ተጠንቀቁ፤ በፍቅርም በንቀትም ትባላለች፣ ልዩነቱን ደግሞ እሱ ከእናንተ ቀድሞ ይሰማዋል።

ስድቡ በሌላ ሰው ላይ ሲወርድ ተቀምጦ የሚሰማስ? እዚህ ላይ ማኅበርተኞቼን እወቅሳለሁ፣ ራሴን ከወቀስኩ በኋላ ማለት ነው። ያን ዕለት ከመካከላቸው አንድ ሰው «ጥያቄው ግን አልተመለሰም» ቢል በቂ ነበር። ሦስት ቃል። ማንንም አይሰድብም፣ ለማንም አያደላም፣ ሁሉንም ወደ ብድሩ ይመልሳል።

መመለስና ዝም ማለት ግራ ካጋባችሁ ምሳሌ 26 ራሱ ሁለቱንም ይላል፤ ቁጥር 4 ለሰነፍ እንደ ስንፍናው አትመልስለት፣ ቁጥር 5 መልስለት። እኔ የምለየው በሰሚው ነው። በሐሰት ሊሳት የሚችል ሦስተኛ ሰው ካለ ለእሱ ስል እመልሳለሁ፤ ሁለታችን ብቻ ከሆንን ጋቢዬን ይዤ እነሣለሁ።

6. ሰውየው ራሱ ጉዳይ የሚሆንበት ጊዜ አለ

«ሰውየውን አትንኩት» ማለት ሁልጊዜ ልክ አይደለም፤ ሌባ ገንዘብ ያዥም ይህንኑ ይላል። አንድ ሰው ማስረጃ ካቀረበ ማስረጃው ይመዘናል። «እኔን እመኑኝ፣ አይቻለሁ» ካለ ግን ምስክር ሆኗል፤ ምስክር ደግሞ ማንነቱ ይጠየቃል። ሹመት የሚፈልግም እንዲሁ ነው፤ 1ኛ ጢሞቴዎስ 3 የኤጲስ ቆጶሱን ጠባይ አንድ በአንድ የሚዘረዝረው ለዚህ ነው። እዚያው መልእክት 5፥19 ላይ ግን በሽማግሌ ላይ ክስ የሚሰማው በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ ጠባዩ ጉዳይ ከሆነ በምስክርና በቦታው ይቅረብ። በጽዋ መካከል እንደ ጠጠር አይወርወር።

7. «ጌታስ እፉኝቶች ብሎ የለም ወይ?»

ይቺን ጥያቄ የሚያነሣው ብዙ ጊዜ ገና ከአፉ ስድብ ያልደረቀለት ሰው ነው፤ እኔም አንሥቻታለሁ። ማቴዎስ 23ን ከፍታችሁ አንብቡ። «ግብዞች» ባለ ቁጥር ቀጥሎ ምክንያቱ አለ፦ ከአዝሙድና ከእንስላል አሥራት ታወጣላችሁ፣ ፍርድንና ምሕረትን ትታችኋል፤ የጽዋውን ውጭ ታጠራላችሁ፣ ውስጡ ቅሚያ ሞልቶበታል። የስድቡን ቃል ብታወጡት ክሱ ሙሉውን ይቆማል። የእኔን ዓረፍተ ነገር ውሰዱና ስድቡን አውጡ። ምንም አይቀርም። ደግሞም እሱ ልብን ያያል፤ እኔ የጎረቤቴን ልብ ቀርቶ የራሴን በውል አላየውም።

8. አልቆም ካለ

ማቴዎስ 18፥15-17 መንገዱን አስቀምጦታል፦ ለብቻ፣ ከዚያ ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር፣ ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን። የንስሐ አባት አሉ፣ ሽማግሌ አለ፤ በወሎ ገጠር ደግሞ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚሰማቸው አበጋር አሉ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። መጀመሪያ ለሕዝብ የተነገረ ነገር ለብቻ ለመመለስ ይቸግራል።

9. ተሳዳቢው እናንተ ከሆናችሁ

ጳውሎስ እንኳ አምልጦታል። በሸንጎ ፊት እንዲመቱት ያዘዘውን ሰው የተለሰነ ግድግዳ ብሎ ሰደበው፤ ሊቀ ካህናቱ መሆኑን ሲነግሩት ግን እዚያው፣ በዚያው ጉባኤ ፊት፣ የሕዝብህን አለቃ ክፉ አትናገር የሚለውን መጽሐፍ በራሱ ላይ ጠቀሰ (ሐዋ. 23፥3-5)። ከዚያ የተማርኩትን ነው ያደረግኩት።

በሰማው ሰው ልክ ይቅርታ ጠይቁ። 24 ሰው ፊት ሰድቦ በስልክ ይቅርታ መጠየቅ ዕዳን በሳንቲም መክፈል ነው። ያላችሁትን ቃል ራሱን ጥቀሱት፤ «ቅር ካለህ» አትበሉ፣ ቅር እንዳለው ታውቃላችሁ። «ግን» የምትለዋን ቃል አፋችሁ ውስጥ አስቀሯት። ከዚያ ደግሞ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው፣ የሸሻችሁትን ጥያቄ መልሱ።

በሚቀጥለው ሃያ ሰባት ተነሥቼ «ባለፈው የእናትህን ቤት ጽዋ አስቀምስ ብዬሃለሁ፤ በድያለሁ፤ ይቅር በለኝ» አልኩ። ቀጥዬም ለጥያቄው መለስኩ፦ ተበድሮ መደገስ ይቁም በሚለው ተስማማሁ፤ ዳቦና ጠላ ብቻ በሚለው አልተስማማሁም፤ በወር ከዚህች ድግስ ሌላ ትኩስ እንጀራ በወጥ የማያዩ ሁለት አሮጊት ማኅበርተኞች አሉን። ልጁ «እሱን አላሰብኩትም ነበር» አለ። እስከ ምሽት ተከራከርን፤ አልጨረስንም፤ ለሌላ ወር አደረ።

እናቱ ቤት ለብቻዬ ሄድኩ። በየድግሳችን ስኒና ረከቦት የምታውሰን እሷ ናት፤ ያን ወር የሰው ስኒ ተውሰን ነበር። የተናገርኩትን ራሴው ነገርኳት። መስማቷን ፊቷ ላይ አየሁት፣ እሷ ግን እንዳልሰማች ሆና አዳመጠችኝ። «አብሽር» አለችና ቡናውን ቀዳች። ሦስተኛውን ጠጥቼ ስነሣ በር ድረስ ሸኘችኝ።

«ሃያ ሰባት ማክሰኞ ነው አይደል? ሃያ አራት ስኒ ይበቃችኋል፣ ወይስ ከእህቴም ልጨምር?»